የቆመው ሲነሣ ያመለጠውን ማን ይቆጥራል?

በቶሮንቶ ከተማ መሀል፣ በሸርበርን እና በፓርላማ ጎዳናዎች መካከል የሚገኘው ሴንት ጄምስ ታውን በካናዳ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በተገነቡት ረጃጅም ሕንፃዎቹ ውስጥ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ስደተኞች ይኖራሉ፤ ኢትዮጵያውያንም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ቋንቋቸውና ሙያቸው ቢለያይም ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም የሚጋሩት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የቤት ኪራይ ነው። በኦንታሪዮ ሕግ መሠረት ኪራዩ በቀኑ ካልተከፈለ አከራዩ በማግሥቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊሰጥ ይችላል። ወርኃዊ ተከራይም ያለበትን ለመክፈል ጥቂት ቀናት ብቻ ይኖሩታል።

ታዲያ ደመወዝ በዋዜማው ሌሊት ወደ ሒሳብ የሚገባው፣ ኪራይም ሲነጋ ከዚያው ሒሳብ የሚወጣው በሰው እጅ አይደለም። ሁለቱንም የሚያስጀምራቸው በመረጃ ቋት አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሰዓት የሚቆጥር አንድ አገልግሎት ነው። ይህ አገልግሎት ለጥገና ቆሞ በጥድፊያ ሲነሣ አንድ ሥራ ሊዘለል፣ ሌላውም ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው አዝራሩን የተጫነው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን በአሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ ተኝቶ ያደረው ተከራይም ነው። ስለዚህ የሥራ መርሐ ግብር አገልግሎትን ዳግም ማስነሣት የአንድ ደቂቃ የቴክኒክ ተግባር ተደርጎ መታየቱ ሊቀር ይገባል። ሥራው ተፈጸመ ሊባል የሚገባው አገልግሎቱ ሲነሣ ሳይሆን፣ በመካከል ያመለጠው ተቆጥሮ ሲያልቅ ነው።

የአገልግሎቱን ጠባይ ለመረዳት የዕድርን ጥሩምባ ነፊ ማሰብ ይበቃል። ጥሩምባ ነፊው የዕድሩን ገንዘብ አይዝም፤ ድንኳንም አይተክልም። የእርሱ ድርሻ በሰዓቱ ተነሥቶ አባላቱን መጥራት ነው። እርሱ በታመመ ቀን የዕድሩ ሣጥን እንደ ተቆለፈ፣ ድንኳኑና ወንበሩም በየቦታቸው እንዳሉ ናቸው፤ ነገር ግን ሰው አይመጣም። በመረጃ ቋት ዘንድም እንዲሁ ነው። መረጃው የሚቀመጥበት ዋናው ሞተር አንድ አገልግሎት ሲሆን፣ ሥራዎችን በየሰዓታቸው የሚጠራው ደግሞ ሌላ አገልግሎት ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች በሚሠራበት የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ ይህ ጠሪ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት ይባላል። የመጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ፣ የደመወዝ ፋይል ማዘጋጀት፣ የቀኑን ሒሳብ መዝጋትና ማለዳ የሚታየውን ሪፖርት ማውጣት በአብዛኛው በእርሱ ጥሪ የሚጀመሩ ናቸው።

ዋናው ሞተር ሲቆም ደንበኛው ወዲያው ያውቃል፤ ገጹ አይከፈትም፤ ካርዱም አይሠራም። ጠሪው ሲቆም ግን ቀኑን ሙሉ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ጉድለቱ የሚገለጠው በማግሥቱ፣ ምናልባትም ከሳምንት በኋላ፣ መኖር የነበረበት ነገር ሳይኖር ሲቀር ነው። የመጠባበቂያ ቅጂ ለሦስት ሌሊት አለመወሰዱ የሚታወቀው ቅጂው የተፈለገ ዕለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ዝምተኛ ጉዳት ጩኸት ከሚያሰማ ብልሽት ይልቅ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

የዚህ ጉዳይ እጅግ የታወቀው ምሳሌ በብሪታንያ የተፈጸመው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ቡድን የሌሊት ሥራዎችን በተራ የሚያስኬደውን ሶፍትዌር አሻሻለ። ከማሻሻያው በኋላ ችግር ሲታይ ባለሙያዎቹ አዲሱን አንሥተው ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወሰኑ። መመለሱ የሚያስከትለውን ግን አስቀድመው አልፈተኑም ነበር፤ አዲሱና አሮጌውም የማይጣጣሙ ሆነው ተገኙ። የሌሊቱ ሥራ ተደነቃቀፈ፤ የአንዱ ቀን ሥራ ሳያልቅ የሚቀጥለው ቀን ሥራ ደረሰ፤ ውዝፉም በውዝፍ ላይ ተከመረ። የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ፣ የናትዌስትና የአልስተር ባንክ ደንበኞች የሆኑ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ችግሩ ደረሰባቸው። የቤት ብድራቸውን በጊዜው መክፈል ያልቻሉ፣ በባዕድ አገር ያለ ገንዘብ የቀሩ ነበሩ። ለአንዳንዶቹ፣ በተለይም ለአልስተር ባንክ ደንበኞች፣ ችግሩ ለሳምንታት ዘለቀ። የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች በኅዳር 2014 በባንኩ ላይ 42 ሚሊዮንና 14 ሚሊዮን፣ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣሉ።

ከዚህ ታሪክ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ጥፋቱ የተባባሰው በመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን ብልሽቱን ለማረም በተደረገው ጥድፊያ መሆኑ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአገር ቤት ብሂል ለኮምፒውተር ክፍልም የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ባንኩ ሲቀጣም ተቆጣጣሪዎቹ የተመለከቱት የአንድን ባለሙያ ስሕተት አልነበረም፤ አደጋን አስቀድሞ የሚያይና የሚቆጣጠር አሠራር አለመኖሩን ነበር። ይህም ጉዳዩን ከሌሊት ተረኛው ጠረጴዛ አንሥቶ ወደ አስተዳዳሪዎቹ ጠረጴዛ አደረሰው።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከዚህ የቀረበ ትዝታ አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2024 ሌሊት ለመጋቢት 16 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በፍጥነት ተዛምቶ ተማሪዎች በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ አስታውቀዋል። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ደረሰ። የተነገረው ምክንያት የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በመደበኛ የሥርዓት ጥገና ወቅት የተፈጠረ እክል ነው የሚል ነበር።

ይህ ክስተት ከመርሐ ግብር አገልግሎት የመነጨ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚያሰኝ ማስረጃ አልቀረበም። ነገር ግን ሁለቱ ታሪኮች አንድ እውነት ይጋራሉ። «መደበኛ ጥገና» የሚለው ቃል አደጋ የሌለበትን ሥራ አያመለክትም። እንዲያውም አንድ ሥርዓት ከሁሉ ይበልጥ የሚጋለጠው በሚነካካበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ አንዱ ክፍል ቆሟል፤ ሌላው አልቆመም፤ ሦስተኛው ደግሞ መቆም አለመቆሙን ገና አላወቀም።

እንግዲህ በጥንቃቄ ማስነሣት ማለት ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ማስነሣቱ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አገልግሎቱ የሚጠቀምበት መለያ ሲለወጥ፣ ማስጠንቀቂያ የሚልክበት የኢሜይል ቅንብር ሲስተካከል፣ አንዳንዴም ማሻሻያ ሲጫን ማስነሣት ግድ ይሆናል። አንድ ሥራ ስለ ዘገየ ብቻ ጠሪውን ማቆም ግን አንድ የዕድር አባል ቀረ ብሎ ጥሩምባ ነፊውን እንደ ማባረር ይሆናል። የዘገየው ሥራ የሌላውን ግብይት መጠናቀቅ እየጠበቀ ከሆነ መድኃኒቱ ያለው በዋናው ሞተር ዘንድ ነው።

ሁለተኛው በዚያች ሰዓት እየሄደ ያለውን ማወቅ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት የሥራዎቹን ዝርዝርና ታሪክ ኤምኤስዲቢ በሚባል የመረጃ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል፤ የትኛው ሥራ እንደ ተጀመረና እንዳላለቀ ከዚያ ማየት ይቻላል። ይህን ሳያዩ ማቆም የሚያስከትለውን ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። አገልግሎቱ ቁም ሲባል በሂደት ላይ ላሉ ሥራዎች የሚሰጠው ጊዜ፣ ማንም ካልለወጠው በቀር፣ 15 ሴኮንድ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ የደመወዝ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከሄደ በኋላ 15 ሴኮንድ ተሰጥቶት ይቋረጣል ማለት ነው። በዋናው ሞተር ውስጥ ተጀምሮ ያልጸደቀው ግብይት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መመለሱም ራሱ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ከሞተሩ ውጭ የተደረገው ግን አይመለስም፤ የተላከ ፋይል እንደ ተላከ፣ የወጣ ኢሜይልም እንደ ወጣ ይቀራል።

ሦስተኛው የሚቆመውን ለይቶ ማወቅ ነው። ጠሪውን ብቻ ማቆም ዋናውን ሞተር አያቆምም፤ ዋናውን ሞተር ማቆም ግን ጠሪውንም ይዞት ይቆማል። አገልጋዮቹ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ ሆነው በክላስተር የተያያዙ ከሆነ ደግሞ ማቆምና ማስነሣቱ መከናወን ያለበት በክላስተሩ መቆጣጠሪያ በኩል ነው። በተለመደው የዊንዶውስ የአገልግሎቶች ዝርዝር በኩል ከቆመ ክላስተሩ ድርጊቱን እንደ ብልሽት ሊቆጥረውና ያልተፈለገ ዝውውር ሊጀምር ይችላል። በአንድ ቁልፍ ምትክ ሌላውን መጫን ይህን ያህል ልዩነት አለው።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከተነሣ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት ቆሞ በነበረበት ጊዜ ሰዓቱ ያለፈበትን ሥራ ሲነሣ መልሶ አይጠራም፤ የሚጠብቀው ቀጣዩን ቀጠሮ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሠራ የነበረ ሥራ አገልግሎቱ ከ7፡50 እስከ 8፡10 ቆሞ ከነበረ እስከ ማግሥቱ ሌሊት ዝም ይላል። በሌላ በኩል «አገልግሎቱ ሲነሣ ጀምር» ተብለው የተመዘገቡ ሥራዎች ማንም ሳይጠይቃቸው ወዲያው ይጀምራሉ። ሌሎች የመርሐ ግብር ሥርዓቶች ደግሞ ያመለጣቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያስኬዱ ይችላሉ። ስለዚህ ባለሙያው የያዘው ሥርዓት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳያውቅ ሊነካው አይገባም።

የታሪክ መዝገቡም ወሰን አለው። በነባሪው ቅንብር በጠቅላላው 1,000፣ ለአንድ ሥራ ደግሞ 100 መስመር ብቻ ይይዛል። በየደቂቃው የሚሄዱ ሥራዎች ባሉበት ቦታ የትናንቱ ማስረጃ ዛሬ ተደምስሶ ሊገኝ ይችላል። ከማቆም በፊት የሥራዎቹን ዝርዝርና የሚቀጥለውን ቀጠሯቸውን ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ከተነሣም በኋላ ከዚያው ጋር ማነጻጸር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የተዘለለውን በእጅ ከማስጀመር በፊት ደግሞ ሥራው ሁለት ጊዜ ቢሄድ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ያሻል። ሪፖርት ሁለት ጊዜ ቢወጣ ወረቀት ይባክናል፤ ኪራይ ሁለት ጊዜ ቢቆረጥ ግን ቤተሰብ ይቸገራል።

ሰዓቱም ራሱ ወጥመድ አለው። በቶሮንቶ በየዓመቱ በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱ ወደ 9 ይዘላል፤ በዚያ ሌሊት 8፡30 የሚባል ሰዓት የለም። በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሰዓት የማይለወጥበት አገር ተወላጅ ይህን በሚገባ ያስተውለዋል። ሌላም ነገር አለ። ቶሮንቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 3 ወይም ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። «ሁሉ ተኝቷል» ተብሎ አገልግሎት የሚቆምበት ሰዓት፣ የተላከለትን ገንዘብ ለመቀበል በባንክ በር የቆመው ሰው የሥራ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ጸጥ ያለ ሰዓት የሚባለው ለማን ጸጥ እንዳለ ሳይጠየቅ ሊመረጥ አይገባም።

ይህን ሁሉ የሚቃወም ሐሳብ መኖሩ አይካድም። ብዙ ባለሙያዎች አገልግሎቱን ማስነሣት ከአንድ ደቂቃ በታች እንደሚፈጅ፣ መረጃውንም እንደማይነካ፣ ለእያንዳንዱ ማስነሣት ቅጽና ፊርማ መጠየቅ ሥራን ማጓተት እንደ ሆነ ይናገራሉ። አገልግሎቱ ቆሞ በቆየ ቁጥርም ጉዳቱ ይብሳል ይላሉ። ንግግራቸው በከፊል እውነት ነው። በሙከራ ኮምፒውተር ላይ ወይም ምንም ሥራ በማይሄድበት ሰዓት ቅጽ ማብዛት ጥቅም የለውም፤ ሁሉንም እኩል የሚያጠብቅ ደንብም በመጨረሻ የሚያከብረው አያገኝም።

ነገር ግን ፍጥነቱ የሚመዘነው አገልግሎቱ በቆመበት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ስሌቱ ጎደሎ ነው። ደቂቃዋ ለባለሙያው ናት፤ የሚከተሉት ሳምንታት ግን ለደንበኛው ናቸው። የተመለሰ ክፍያ ባንኩ ከሚያስከፍለው ሌላ፣ በኦንታሪዮ አከራዩም እስከ 20 ዶላር የአስተዳደር ክፍያ ሊጠይቅበት ይችላል። ተከራዩም ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን ለማስረዳት ከሥራ ሰዓቱ ቆርሶ በስልክ ወረፋ ይይዛል። እንግሊዝኛ ለማይቀናው ሰው ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስለዚህ የአሥር ደቂቃው ቆጠራ እንደ ቢሮክራሲ የሚታየው ወጪውን ሌላ ሰው ስለሚሸከመው ብቻ ነው።

የሴንት ጄምስ ታውን ነዋሪዎች በዝግታ መመለስ ምን እንደሚመስል ከሁለት አጋጣሚዎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2018 በ650 ፓርላማ ጎዳና ሕንፃ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ደርሶ ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ፤ መመለስ የጀመሩትም በ2020 ነበር። መዘግየቱ ብዙዎችን አስመርሯል፤ ምሬታቸውም ተገቢ ነበር። የተጎዳ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ባለበት ሕንፃ ግን ማብሪያውን ዝም ብሎ መጫን እንደማይቻል ማንም አልተከራከረም።

ሁለተኛው ከኮምፒውተር ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በጥቅምት 2023 መጨረሻ የቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቤዛ በሚጠይቅ የሳይበር ጥቃት ተመታ። በሸርበርን ጎዳና ያለውን የሴንት ጄምስ ታውን ቅርንጫፍ ጨምሮ 100 ቅርንጫፎች ያሉት ድርጅት ድረ ገጹን፣ ካታሎጉንና ለሕዝብ የሚያገለግሉ ኮምፒውተሮቹን አጣ። መጻሕፍትን ማዋስ አላቆመም፤ ነገር ግን የተመለሱትን መዝግቦ ወደ መደርደሪያ ማስገባት ስላልቻለ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ መጻሕፍትና ሌሎች ዕቃዎች በተጎታች መኪናዎች ውስጥ ተከማቹ። በጥርና በየካቲት 2024 ሥርዓቱ ደረጃ በደረጃ ሲመለስ እነዚያ ሁሉ አንድ በአንድ መመዝገብ ነበረባቸው። ሥርዓቱ ተነሥቷልና ያለፈው ይረሳ አልተባለም።

በእነዚያ ተጎታቾች ውስጥ የነበረው ክምር በዓይን ይታይ ስለ ነበር መቁጠሩ ግድ ሆነ። በመርሐ ግብር አገልግሎት ዘንድ ግን የተዘለለ ሥራ ቦታ አይዝም፤ በር አይዘጋም፤ ማንንም አያደናቅፍም። የማይታየውን ክምር እንዲታይ ማድረግ የተቋማት ግዴታ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ከማቆም በፊት የተቀዳ ዝርዝር፣ ከማስነሣት በኋላ የተደረገ ንጽጽር፣ ልዩነቱንም የተመለከተ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል። ገንዘብን የሚነካ ሥራ ሁለት ጊዜ ቢጠራ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈጸም ሆኖ መሠራት አለበት። የሚያስነሣው ባለሙያም «ዛሬ ሌሊት አይሆንም» የማለት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በዚህ ሙያ የተሰማሩ፣ ሌሊቱን በተረኛነት የሚያሳልፉ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም። ስሕተት በተፈጠረ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ እንደ እነርሱ ያለው ተረኛ ነው። የተጻፈ የሥራ ቅደም ተከተል ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን እርሱንም ይጠብቃል። ደንበኛውም በበኩሉ «ሥርዓታችን ተመልሷል» የሚል መልእክት ሲደርሰው አንድ ጥያቄ የማቅረብ መብት አለው፤ ቆሞ በነበረበት ጊዜ መሠራት የነበረበት የእኔ ጉዳይ ተሠርቷል ወይ? ይህን ጥያቄ ደንበኛው ሳይጠይቀው የሚመልስ ተቋም አገልግሎቱን በእርግጥ አስነሥቷል። ለሌሎቹ ግን የተነሣው ሰዓት ቆጣሪው ብቻ ነው።